ማንም የማይፈልጋትን ኦስቲን ኬምብሪጅ አዳማ ላይ እንደገና ማስነሳት

ግቢ ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ቆማለች። ሁለት ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ ኮፈኗ ላይ ዶሮ ያድራል፣ ጣሪያዋ ላይ በርበሬ ይሰጣል። ፔጆ 404 ብትሆን ባለቤቷ ይሳሳላት ነበር። ቮልስ ብትሆን የሰፈሩ ወጣት ሁሉ «ሽጡልኝ» እያለ በር ያንኳኳ ነበር። ኦስቲን ኬምብሪጅ በመሆኗ ግን የሚጠይቃት ቁራሌው ብቻ ነው፤ እሱም በኪሎ።

ነገሩ የሚያስቀው 404ንም እሷንም የሳለው አንድ ቤት መሆኑ ነው፤ የጣልያኑ ፒኒንፋሪና። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አቁሟቸውና ከኋላ የተሳለውን ክንፍ፣ የጣሪያውን መስመር እዩ፤ እህትማማች ናቸው። እንግሊዞቹ ግን ያንኑ አካል ኦስቲን፣ ሞሪስ፣ ዎልስሊ፣ ኤምጂ፣ ራይሊ እያሉ በአምስት ስም ሸጡት፤ በአምስት ስም የተጠራ ደግሞ አንድም ስም አይጸናለትም። ኤ55 ማርክ 2 እ.ኤ.አ. በ1959 በ1489 ሲሲ ሞተር ወጣች፣ በ1961 ሞተሯ ወደ 1622 ሲሲ አድጎ ኤ60 ተባለች። ኦስቲኗ በ1969 ቆመች፤ ሞሪስ ኦክስፎርድ የተባለችው እህቷ እስከ 1971 ዘለቀች። እዚያው አገሯ ብዙዎቹ ያለቁት በግጭት ውድድር ሜዳ ነው፤ ላሜራቸው ጠንካራ ስለነበር ተመርጠው ተጋጩ።

ጉልበቷ 61 ፈረስ ነው፤ ፍጥነት አትጠብቁ። የምትወደደው በሌላ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር እጅ ይደርስበታል፣ ስትበላሽም ቀስ ብላ፣ አስቀድማ ተናግራ ነው። የሚከተለው ለዓመታት የቆመችን ኤ60 ለማስነሳት ነው፤ ለኤ55ም ለሞሪስ ኦክስፎርድም በአብዛኛው ይሠራል።

መጀመሪያ ሊብሬ፣ ቀጥሎ ወለል

ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት «ጋሼ፣ ሊብሬው አለ?» በሉ። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ቀሪው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህች መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ተሸካሚ ነው። ስለዚህ ዝገት እሷ ላይ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ከበሮቹ ሥር ያለውን ሳጥን፣ የክሪክ ማስገቢያዎቹን፣ ከፊት ጎማዎች ኋላ ያለውን ወለልና የፓራፋንጎውን ላይኛ ጫፍ በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛው ላሜራ ይጮሃል፣ የበሰበሰው ዱፍ ይላል። ዱፍ የሚለው ላይ ማግኔት አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። የአዳማ ደረቅ አየር ውለታው ብዙ ነው፣ ግን ጎማው የሚወረውረው አፈር ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠቀጠቅና ክረምት ሲመጣ ለሳምንታት ርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ያንን በእንጨት ፍቃችሁ አውጡት።

የመጨረሻው ፈተና፦ አንድ ጎኗን በክሪክ አንሱና የኋላውን በር ከፍታችሁ ዝጉ። እንቢ ካለ ወገቧ ተሰብሯል። ለመለዋወጫ ካልሆነ አትግዟት።

ቁልፋችሁ ይስተካከል

ዳዶዎቿ በኢንች ናቸው። የሚበዙት የ7/16፣ የ1/2 እና የ9/16 ቁልፍ የሚፈልጉት ናቸው። 1/2 ማለት 12.7 ሚሊ ነው፤ 13 ቁልፍ ይገባል፣ ዳዶው የጠበቀ ከሆነ ግን ጥጉን ይልጠዋል። 9/16 ደግሞ 14.3 ሚሊ ስለሆነ 14 አይገባም፣ 15 ይንሸራተታል። ብዙዎቹ የቆሙ ኦስቲኖች ላይ ክብ ሆነው የምታገኟቸው ዳዶዎች የዚህ ውጤት ናቸው። ሦስት የኢንች ቁልፍ ፈልጎ መግዛት ከማንኛውም መለዋወጫ ይቀድማል። የጠፋ ቡሎን በሚሊሜትር ቡሎን አትተኩ፤ ጥርሱ አይገጥምም፣ ሁለት ዙር ገብቶ ይነክስና ቀዳዳውን ይዞ ይጠፋል።

ማሳዋ ፖዘቲቭ ነው

እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። በዛሬ መኪና የባትሪው ኔጌቲቭ ከአካሉ ጋር ይታሰራል። በዚህች ላይ ግን ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። የለመደ እጅ ሳያይ ገልብጦ ያስራል፤ መብራቱም ይበራል፣ ሞተሪኖውም ይዞራል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ዲናሞው ግን ባትሪውን አይሞላም፣ ቦቢናውም ደካማ እሳት ይሰጣል።

ባትሪው ቀድሞ በግልባጭ ታስሮ ከሆነ ወይም ዲናሞው ለዓመታት ሳይዞር ከቆየ ዋልታውን መመለስ አለባችሁ። ባትሪውን በትክክል እሰሩ፤ ፖዘቲቭ ወደ አካል። ዲናሞው ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ንቀሉ። ከባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ አምጥታችሁ ትንሹን፣ ኤፍ የሚል ምልክት ያለበትን ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ነካ አድርጉ። ብልጭ ይላል፣ አለቀ። ሽቦዎቹን መልሱ።

የስልክ ቻርጀር የሲጋራ መለኮሻው ላይ አትሰኩ፤ ኤሌክትሪኩ በግልባጭ ይገባበትና ይቃጠላል። ስለዚህ ብለው መላውን መኪና ወደ ኔጌቲቭ የሚያስገለብጡ አሉ። ለአንድ ቻርጀር ሲባል ኤሌትራውቶ ፊት አንድ ቀን መዋል አያዋጣም፤ ስልካችሁን ቤት ሙሉ።

ሞተሩን መቀስቀስ

ቁልፍ አዙሮ መሞከር ክልክል ነው። የደረቀ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ሲሊንደሩን የሚቧጭረው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ነው።

አራቱን ካንዴላ አውጡ። ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ደባልቁና በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የሾርባ ማንኪያ አፍስሱ። ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ መኪናዋን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙ። መጀመሪያ ምንም አይሆንም፣ ከዚያ የጣት ውፍረት ያህል ይነቃነቃል፣ ከዚያ ይለቃል። ካልለቀቀ ድብልቁን ደግማችሁ ሌላ ሦስት ቀን ጠብቁ። በጉልበት የተጎተተች መኪና ፒስቶን ትሰብራለች።

አሮጌውን ዘይት አፍስሱና ፊልትሮውን ለውጡ። 20ደብሊው-50 ዘይት 4 ሊትር ጨምሩ፣ ቀሪውን በዲፕስቲኩ አስተካክሉ። የፊልትሮውን ሳህን ባዶውን አትግጠሙ፤ ዘይት ሞልታችሁ ግጠሙት። ለዓመታት የቆመ የዘይት ፖምፓ አየር ይዞ ዘይት መሳብ እንቢ ይላል። አሁን ካንዴላዎቹ እንደወጡ ሞተሪኖውን 15 ሰከንድ እያዞራችሁ፣ እያሳረፋችሁ፣ የቫልቮላ ክዳኑን ከፍታችሁ ዘይት ላይ ድረስ መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ። ሳይወጣ ካንዴላ አትመልሱ።

አሮጌውን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ አውጡ። የከረመ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ካርቡራተሩ ውስጥም የሚተወው ያንኑ ነው። ከታንኩ ሥር ዝገት ካለ እፍኝ ጠጠር ከትንሽ ቤንዚን ጋር አስገብታችሁ አንቀጥቅጡት፣ ጠጠሩንም ቆጥራችሁ አውጡ።

ለእሳቱ፦ ፑንቲናውን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆራርጠውን መገናኛ) በደቃቅ አሸዋ ወረቀት ጠርጉ፣ ክፍተቱን ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ አድርጉ። ካንዴላው ኤንጂኬ ቢፒ6ኢኤስ ይሁን፣ ክፍተቱ 0.64 ሚሊ። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው፤ አንድ ቁጥር ራዲያተሩ በኩል ያለው ነው።

የዘጠኝ ሕግ

ቫልቮላዎቹ ስምንት ናቸው፤ ከራዲያተሩ በኩል ከ1 እስከ 8 ቁጠሩ። ማስተካከያው አንድ ቀላል ዘዴ አለው፦ የሚስተካከለውና በዚያ ቅጽበት እስከ መጨረሻው ተጭኖ የተከፈተው ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። 8 ሲከፈት 1ን አስተካክሉ፣ 6 ሲከፈት 3ን፣ 4 ሲከፈት 5ን፣ 7 ሲከፈት 2ን፤ ከዚያ ግልባጩን። ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.38 ሚሊ ነው። ፊለሩ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ሲገባና ሲወጣ ትንሽ መያዝ አለበት፣ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ራስ) የተነደፈው እርሳስ ለተጨመረበት ቤንዚን ነው። ዛሬ እርሳስ የለም፤ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ በረዥም ጉዞ ሙቀት መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁም ይጠፋል። ባለቤቱ «ሞተሬ ጸጥ አለልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። ደስ አይበላችሁ፤ ይህ ሞተር ቫልቮላው ትንሽ ሲያንኳኳ ነው ጤነኛ፣ ዝም ያለው ነው የሚቃጠል። በየ5,000 ኪሎ ሜትር ለኩ። በሁለት ልኬት መካከል ክፍተቱ በግልጽ ከጠበበ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ይሂድና በጭስ ማውጫዎቹ ላይ የጠነከረ ብረት መቀመጫ ይግባለት። አንዴ ከገባ ነገሩ አበቃ።

ቴስታታው ከወረደ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፤ ዳዶዎቹ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ እስከ 54 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ።

ኤስዩ ካርቡራተር

ኤችኤስ2 የሚባለው ይህ ካርቡራተር ሜካኒኮች የሚሸሹት፣ ግን ከሁሉ የቀለለ ነው። አንድ ፒስቶን፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ቀዳዳ፤ ያ ብቻ። ላዩ ላይ ያለውን ደወል የሚመስል ክዳን ፈትታችሁ ፒስቶኑን በቤንዚን እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ጎኑን ዘይት አትቀቡት፤ የአዳማ አቧራ ተጣብቆበት ይነክሰዋል። ገጥማችሁ በጣት አንሱና ልቀቁት፤ «ጧ» ብሎ መውደቅ አለበት። ቀስ ብሎ ከወረደ መርፌው ወይም ቀዳዳው መሃሉን ስቷል።

ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሽ ስታወጡ ውስጧ ዘይት መኖር አለበት፤ ከፒስቶኑ ክፍት ዘንግ ጫፍ በላይ 13 ሚሊ ያህል። ቀጭን የሞተር ዘይት ይበቃል። ይህ ዘይት ሲያልቅ ነው ነዳጅ ስትረግጡ መኪናዋ የምታስለው፤ ባለማወቅ ስንት ቦቢና በከንቱ ተለውጧል!

ድብልቁን የሚቆጣጠረው ከሥር ያለው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ነው። እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አጥብቁ፣ ከዚያ ሁለት ሙሉ ዙር አላሉ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲዞር ፒስቶኑን በቀጭን ካቻቪቴ 1 ሚሊ ብቻ ከፍ አድርጉ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቆየ ነዳጅ በዝቷል፤ ዳዶውን ወደ ላይ። ሊጠፋ ከሆነ አንሷል፤ ወደ ታች። ለአፍታ ፈጥኖ ከተመለሰ ልክ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጎን በላይ አታዙሩ።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፤ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው ልክ አንድ ወይም ሁለት ጎን ማሳነስ የተለመደ ነው። የአየር ፊልትሮዋን በየ2,000 ኪሎ ሜትር አራግፉ። ከተማዋ አጠገብ የነፋስ ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ ያ ነፋስ አቧራውንም ይዞ ይመጣል።

ውሃው

«ኦስቲን ታፈላለች» የሚለው ስም የመጣው ከመኪናዋ ሳይሆን ከሚጨመርላት ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛዋል፤ ሲሞቅ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ራዲያተሩን ያጠባል፣ ዝገቱና ጭቃው ደግሞ ከብሎኩ ኋላ፣ አራተኛው ሲሊንደር ዙሪያ ይከማቻል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጋለው አራተኛው ነው።

በብሎኩ ጎን ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቧንቧ ፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ጠብታ አይወጣም፤ ውሃ የለም ማለት አይደለም፣ ጭቃ ደፍኖታል። በጠንካራ ሽቦ እስኪፈስ ውጉት። የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) ፈትታችሁ ውሃ በጎማ ቱቦ በግልባጭ ላኩ፤ ቡናማው ጠርቶ እስኪወጣ። ቅርፊቱ ከቀረ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በውሃ አሟሙታችሁ ሙሉ፣ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት አስነሱ፣ አፍስሱና ሦስት ጊዜ እጠቡ። በመጨረሻ የምትሞሉት የተጣራ ውሃ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከኩላንት ጋር ይሁን።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የጋራዥ ልማድ ሆኗል። አታድርጉት። ሞተሩ ለብ ብሎ ይውልና ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይጨቀያል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ያው ያፈላል፣ ምክንያቱም በሽታው ቅርፊቱ ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ግን አክብሩት። አዳማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ባለ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ክዳን ይህን ወደ 107 ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን እነዚያን 12 ዲግሪዎች ይነጥቃችኋል። የቬንትሌተሩ ቺንጋ በረዥሙ በኩል በጣት ሲጫኑት 13 ሚሊ ያህል ይግባ።

ፍሬን

አራቱም ጎማ ታምቡር ነው፣ የዘይቱ መስመርም አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው የሚያንጠባጥበው» የሚባል ነገር የለም። ዋናውንና የየጎማውን ፖምፔታ (የፍሬን ሲሊንደር) ፍቱ፣ ውስጡ በዝገት ከተቦረቦረ ለውጡ፣ ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒዎቹን (የማሸጊያ ላስቲኮቹን) ብቻ ቀይሩ። ልኩ በኢንች ስለሆነ አሮጌውን ጎሚኒ ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን የተገመተ አይሠራም። የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ በጭራሽ አያስነኳቸው፤ ያብጡና ፍሬኑ ተይዞ ይቀራል። ማጠቢያው የፍሬን ዘይት ራሱ ነው። አየር ስታወጡ ከዋናው ፖምፓ ርቆ ካለው ጎማ ጀምሩ።

ሸራው (ታምቡሩን የሚይዘው የፍሬን ንጣፍ) ላይ ግሪስ ከደረሰ አጥቦ መመለስ የለም፤ ሌላ ሸራ ያስለጥፉ።

ቀሪው

ካምቢዮዋ የሚጠጣው የሞተር ዘይት ነው፤ ዲፈረንሻሏ ግን 90 ቁጥር ዘይት። ሁለቱን አታቀያይሩ። አንደኛ ማርሽ መኪናዋ ሳትቆም አይገባም፤ ሲያንጫጫ ካምቢዮው ተበላሸ ማለት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። የፊት እግሮቿን ግሪስ በየ1,600 ኪሎ ሜትር አጠጡ፣ አዲሱ ግሪስ አሮጌውን ገፍቶ እስኪወጣ። ለጎማ ባለ 14 ኢንች 175/80 ይሆናል፤ ቸርኬው አሮጌ ስለሆነ ከመነዳሪ አስገቡበት።

መለዋወጫ ስትፈልጉ «ኦስቲን» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «የለም» ነው መልሱ። ሞተሯ ቢ-ሲሪዝ የሚባለው ነው፤ በ1622 ሲሲው ኤምጂኤ 1600 ማርክ 2 ሄዷል፣ በ1798 ሲሲው ኤምጂቢ፣ በ1489 ሲሲው ደግሞ የሕንዷ ሂንዱስታን አምባሳደር። ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ሮቶር ለኤምጂቢ ከሚሸጠው ይገኛል። ኤምጂቢ ተወዳጅ ስለሆነች ዕቃዋ ዛሬም ይመረታል፤ ያልተወደደችው በተወደደችው ትኖራለች።

የመጀመሪያ ጉዞ

መጀመሪያ ሶደሬ። ቅርብ ነው፣ ዳገቱም አያስፈራም። እዚያ ስትደርሱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ዳስሱ፤ ከሌሎቹ የሚግል ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። የፍጥነት መንገዱን ለጊዜው ተዉት።

አሰላ ቀጥሎ ነው። በዴራና በኢተያ ያለው መንገድ ከአዳማ ወደ 800 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ራዲያተሩ መታጠቡን የሚመሰክረውም እሱ ነው። በጠዋት ውጡ፣ ሦስተኛ ማርሽ ሲከብዳት ሳትጠብቁ ቀንሱ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀይ ከተጠጋ ቆማችሁ ሞተሩን በሚኒሞ ተዉት እንጂ ወዲያው አታጥፉት፤ ክዳኑንም ሳይቀዘቅዝ አትንኩ። ስትመለሱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። አንድ መስመር ያለው ታምቡር ፍሬን ረዥም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ አለመቆሟ ምልክቱ ነው።

ቤት ስትደርሱ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ከሞተሩ ኋላ በኩል የሳንቲም ያህል ዘይት ብታዩ አትደንግጡ፤ ይህ ሞተር ክራንኩ ኋላ ላይ ፓራኦሊ (ዘይት የሚይዝ ማሸጊያ) የለውም፣ ዘይቱን የሚመልሰው በተቀረጸ ጠመዝማዛ ጥርስ ነው፣ ቆሞ ሲያድር ትንሽ ያመልጠዋል። የሳህን ያህል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የክዳኖቹን ጓርኒሲዮኖች ፈትሹ። ቴስታታው ወርዶ ከነበረ 500 ኪሎ ሜትር ስትሞሉ፣ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ዳዶዎቹን ዳግም ወደ 54 አጥብቁ። ጓርኒሲዮኑ ስለሚረግብ የቫልቮላው ክፍተት ይጠባል፤ በዚያው ቀን ከ8 እና ከ1 ጀምራችሁ እንደገና ለኩ።